ሥራ ፈላጊና የነገ ቀጠሮ
(በመምህራን ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ተማሪ ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ደወሉ አብሮት አይወጣም። እስከዚያ ቀን ድረስ ጊዜውን የሚከፍልለት ሌላ ነበረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የጊዜው አዛዥ ራሱ ነው። ሥራ ፈላጊ አስቀድሞ የሚፈተነው በዕውቀቱ ሳይሆን በዚህ ሥልጣኑ ነው።

ይህ ነገር በጅቡቲ ከተማ፥ በቡላኦስ ጐልቶ ይታያል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ጅቡቲ ከባቡርና ከወደብ ጋራ ያደገች ከተማ ናት። በ1897 ከዚያ ተነሥቶ መሠራት የጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ በ2018 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር መደበኛ አገልግሎቱን ጀመረ። ኢትዮጵያ ከውጭ አገር የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው በዚሁ ወደብ ስለሚያልፍ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ ይወርዳሉ። ከእነርሱም መካከል ምስክር ወረቀቱን በሻንጣ ይዞ፥ ለእናቱ «በወሩ ገንዘብ እልካለሁ» ብሎ የተሰናበተ ወጣት አይጠፋም።

ይህ ወጣት በቡላኦስ ከዘመድ ቤት ያርፋል። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ስለዚህ ጉዳይ ለማስፈጸም የሚመቸው ማለዳ ነው። ወጣቱ ግን የመጀመሪያውን ማለዳ ለዕረፍት፥ ሁለተኛውን ልብስ ለማጠብ፥ ሦስተኛውን «ፈረንሳይኛዬን ትንሽ ላሻሽል» በማለት ያሳልፋል። ቀትር ሲሆን ጫት ከኢትዮጵያ ይደርሳል፤ ጓደኞቹም ይጠሩታል። በምርቃና ሰዓት የትራንዚት ጸሐፊ፥ የመጋዘን ኀላፊ፥ እንዲያውም የመኪና ባለቤት ይሆናል፤ ማመልከቻው በሐሳብ ተጽፎ በሐሳብ ይፈረማል። ሌሊቱን በዱካክ አሳልፎ ሲነቃ ፀሐይ ከፍ ብላለች። እንዲህ እያለ ወሩ ያልቃል። እናቱ ስልክ ስትደውል «ሰሞኑን ይሳካል» ይላታል፤ ከዚያም በኋላ ስልኩን ማንሣት ራሱ ለነገ የሚቀጠር ሥራ ይሆንበታል።

ይህን ወጣት ሰነፍ ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስድብ በሽታውን አያድንም። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ ሰው ሥራውን ለነገ የሚያሳድረው ሥራው የሚያስነሣበትን መጥፎ ስሜት ለጊዜው ለመሸሽ ሲል ነው። ወጣቱ የሚሸሸው ማመልከቻውን ሳይሆን «አትበቃም» የሚለውን መልስ ነው። ያልቀረበ ማመልከቻ «አይሆንም» አይባልምና፥ ተስፋው ሳይነካ የሚቈይ ይመስለዋል። ዕዳው ግን በየቀኑ ይጨምራል።

ደግሞም ሥራ ማጣት በቈየ ቍጥር ጊዜን ያረክሳል። ማሪየንታል በምትባል የኦስትሪያ መንደር ፋብሪካ ከተዘጋ በኋላ የተደረገውና በ1933 የታተመው ጥናት፥ ሥራ ያጡት ሰዎች ጊዜ ተርፏቸው ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ እንደ ቀነሰ፥ የወንዶቹም እርምጃ በመንገድ ላይ እንደ ዘገየ ያሳያል። ስለዚህ «ጊዜ ሲኖረኝ እጽፋለሁ» የሚል ሥራ ፈላጊ ራሱን ያታልላል፤ የጐደለው ጊዜ አይደለምና።

መድኀኒቱስ ምንድር ነው? በደቡብ አፍሪካ ሥራ አጥ ወጣቶች ላይ የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት መልካም ብርሃን ይሰጣል። የሥራ ፍለጋቸውን ዝርዝር ዕቅድ በጽሑፍ ያወጡት ወጣቶች ለፍለጋ ያዋሉት ሰዓት ከሌሎቹ አልበለጠም፤ ያስገቡት ማመልከቻ ግን በ15 ከመቶ፥ ሥራ የያዙትም በ26 ከመቶ በልጦ ተገኘ። ፍለጋቸውንም በአንድ መንገድ ብቻ አልወሰኑትም። እንግዲህ «ሥራ እፈልጋለሁ» ማለት ምኞት ነው፤ «እሑድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነሥቼ፥ ሻይ ከመጠጣቴ በፊት፥ ይህን ማመልከቻ ለዚህ መሥሪያ ቤት አደርሳለሁ» ማለት ግን ዕቅድ ነው።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በወጣቱ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። በአዲስ አበባ የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት፥ ወደ መሐል ከተማ የሚመላለሱበት የመጓጓዣ ገንዘብ የተሰጣቸው ወጣቶች ፍለጋቸው እንደ በረታ፥ ቋሚ ሥራ ያገኙትም እንደ በረከቱ አሳይቷል። አንዳንዱ «ነገ» የሚባለው ኪስ ባዶ ስለ ሆነ ነው። ዕቅድም ቢሆን የሌለውን የሥራ ቦታ አይፈጥርም፤ ያለው እንዳያመልጥ ይረዳል እንጂ።

ከዚህ በኋላ የመምህሩ ድርሻ ይመጣል። ተማሪ ከመመረቁ አስቀድሞ የመጀመሪያ ማመልከቻውን በክፍል ውስጥ ጽፎ፥ ታርሞለት፥ እንደ ገና ጽፎ ይውጣ። «አይሆንም» የሚለውን መልስ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ተለማምዶ ይስማው፤ የለመዱት ነገር አያስደነግጥምና። ሁለት ሁለት ሆነው ይማማሉ፤ አንዱ የሌላውን ቀጠሮ ይጠይቅ፤ የመጓጓዣ ያጣውንም ያለው ይርዳው። በቡላኦስ ያለው ወጣትም ይህን ከማንም ሳይጠብቅ ዛሬ ሊጀምረው ይችላል፤ በመጀመሪያ ግን ለእናቱ ስልክ ደውሎ ሥራ እንዳላገኘ እውነቱን ይንገራት። ከዚያ ወዲያ የሚሸሸው ነገር በእጅጉ ይቀልለታል።