የፎገራ አፈርና የካርቦን ጎተራው



እኛ መሐንዲሶች ስለ ፎገራ ሜዳ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ውሃውን ነው። ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ ከወሰናቸው ወጥተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በጋ ሲሆን ያው ዋልካ መሬት ይሰነጣጠቃል። ዝናቡ በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ ሜዳው የዓመቱን ብዙ ክፍል በድርቀት ያሳልፋል። የዛሬው ንግግሬ ግን ስለ አፈሩ፣ ይልቁንም አፈሩ ስለሚያከማቸው ካርቦን ይሆናል።

ካርቦን ወደ አፈር የሚገባው በሥር፣ በገለባና በፍግ አማካይነት ነው፤ የሚወጣው ደግሞ ረቂቃን ተሐዋስያን ብስባሹን ተመግበው ወደ አየር ሲመልሱት ነው። ስለዚህ አፈር እንደ ጎተራ ነው፤ ወጪው ከገቢው ከበለጠ ይጎድላል። የዋልካ አፈር ሸክላነት ብስባሹን አቅፎ ይጠብቃል፤ ሆኖም ከገመሳ ጀምሮ ተደጋግሞ በታረሰ ቁጥር ጓሉ ይፈርሳል፣ አየር ይገባበታል፣ ብስባሹም ፈጥኖ ያልቃል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከጅግናና ከሻጋ ገበሬዎች ጋር ሩዝን ከማስለመዳቸው በፊት፣ ውሃ የሚተኛበት መሬት በብዛት የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር። ሩዝ ከገባ ወዲህ ረግረጉ እህል ሰጠ፤ ወረታም የሩዝ ገበያ ሆነች። ይህን ጥቅም የሚክድ የለም። ነገር ግን ግጦሹ ሲጠብ ከብቱ ወደ ሩዝ ገለባ ዞረ። በቀሪው እርጥበት የሚበቅለው ጓያና ሽምብራም ብዙ ጊዜ ከነሥሩ ይነቀላል። እበቱም ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ከነደደ ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር አይኖርም።

ነገሩን በሙያችን ልማድ እናስላው። የአንድ ሄክታር አፈር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ አንዱ ሜትር ኩብ 1.2 ቶን ይመዝናል ብንል፣ 3,600 ቶን ይሆናል። የካርቦኑ መጠን ከመቶ 0.1 ብቻ ቢቀንስ 3.6 ቶን ካርቦን፣ ማለትም 13.2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ወጣ ማለት ነው። ገበሬው የሚያጣው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ብስባሽ ያነሰው መሬት ውሃ የመያዝ ኃይሉም ይደክማልና።

ታዲያ ማሳውን ሁልጊዜ ውሃ ቢተኛበት አይሻልምን? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በእርግጥ ውሃ የተኛበት አፈር አየር ስለሚያጣ ብስባሹ ቀስ ብሎ ይፈርሳል። ነገር ግን ከዚያው ሚቴን ይወጣል፤ ይህም በአንድ መቶ ዓመት ሲታሰብ ሙቀትን በመያዝ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ይበረታል። ስለሆነም የሚያዋጣው ውሃውን በየተራ መልቀቅና ማንጠፍ ነው፤ ይህም ያለ ጥሩ ቦይና ማንጣፈፊያ አይሆንም።

የርብ ግድብ ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ መሬት በመስኖ እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ነው። መስኖ በጋውን ለሁለተኛ ሰብል ሲከፍተው መንገዱ ሁለት ነው። ሁለተኛው ሰብል ሥርና ገለባ ከተወልን ጎተራውን ይሞላል፤ ሁሉንም አጭደን፣ አርሰን፣ አንድደን ከወሰድነው ግን ባዶውን የምናደርሰው በእጥፍ ፍጥነት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የመስኖ ንድፍ ሲዘጋጅ የአፈሩ ካርቦን ውሃው ከመለቀቁ በፊት ይለካ፤ በየጥቂት ዓመቱም በዚያው ቦታ ይደገም። ወረታ ላይ ያለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ለዚህ ቅርብ አጋር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የማንጣፈፊያው ወጪ ከቦዩ ወጪ ጋር አብሮ ይታሰብ። ሦስተኛ፣ ገበሬውን ፍግህን ወደ ማሳው መልስ ከማለታችን በፊት የሚያነደው ሌላ ነገር እንዲያገኝ እንርዳው። እራቱን የሚያበስልበት ያጣ ሰው ኩበቱን ለአፈሩ ሊተው አይችልምና።