ለጂቲ 86 ተጨማሪ ፈረስ ጉልበት መግዛት ያዋጣል ወይ?

የዛሬው ወሬ የመኪና ወሬ ነው። መኪና የማትወዱም ትንሽ ታገሡኝ፣ ነገሩ የገንዘብም ነው፣ የፖሊስም ነው።

ጥያቄውን ያመጣው አንድ ጓደኛዬ ነው። ከሠራዊት ከወጣ በኋላ ሁለት ዓመት በጥበቃና በመጋዘን ሥራ ያጠራቀመውን ይዞ ያገለገለች ቶዮታ ጂቲ 86 ገዛ። ቆንጆ መኪና ናት፣ ቀንቻለሁ፣ አልደብቅም። አሁን ደግሞ እጁ ላይ የቀረችውን ጥቂት ሺህ ሸቀል ሞተሩ ላይ ሊያፈሳት ነው። ኤግዞዝ፣ የአየር ማስገቢያ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሁሉንም። «አንተ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ትማር የለም እንዴ? ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» አለኝ። ለሱ በአጭሩ «አያዋጣም» ብዬዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ረዘም ይላል።

መጀመሪያ መኪናዋን እንወቃት። ቶዮታና ሱባሩ አብረው ሠርተዋት በ2012 ነው ለገበያ የወጣችው። ሞተሯ 2 ሊትር ነው፣ ቱርቦ የለውም። ፒስተኖቹ እንደ ቡጢ ግራና ቀኝ ስለሚወረወሩ ቦክሰር ይባላል። በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ 200 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ክብደቷ 1,250 ኪሎ ገደማ ነው፣ የሚገፏት የኋላ ጎማዎች ናቸው። መታጠፊያ ላይ ደስ የምትለውም ለዚህ ነው። ችግሯ መሀል ላይ ነው። ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር አካባቢ የመጠምዘዝ ኃይሏ፣ ቶርክ የምንለው፣ ቁልቁል ይወርድና እንደገና ይነሳል። ከተማ ውስጥ ከመብራት ስትነሳ፣ ሀይዌይ ላይ የጭነት መኪና ልትቀድም ስትል፣ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነህ። ስለዚህ ጓደኛዬ «ስረግጣት መጀመሪያ ታስባለች፣ ከዚያ ትሄዳለች» ሲለኝ ልቡ የፈጠረው ነገር አይደለም። ነገሩ እውነት ነው።

ታዲያ በገንዘብ ይስተካከላል? ሞተር በአጭሩ አየር የሚተነፍስ ነገር ነው። ብዙ አየር ካስገባ ብዙ ቤንዚን ያቃጥላል። ቱርቦ ከሌለው ግን የሚደርሰው በዙሪያው ያለው አየር ብቻ ነው። ፋብሪካው ደግሞ ከዚህ ሞተር ከእያንዳንዱ ሊትር 100 ፈረስ አውጥቶበታል፣ የገባውን አየር 12.5 እጥፍ ያምቀዋል። የቀረው ፍርፋሪ ነው። ከኋላ ያለውን ኤግዞዝ (ትልልቆቹ ማርሚታ የሚሉትን) ብትቀይር የምታገኘው በዋናነት ድምፅ ነው። የአየር ማጣሪያውም ያው ነው፣ ከፊት በኩል ድምፅ ይጨምራል። ድምፅ መግዛት ኃጢአት አይደለም፣ ግን ድምፅ ነው የገዛሁት በል።

አሁን አንድ ስሌት ላሳያችሁ። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። በ15 ዲግሪ ቀዝቃዛ ጠዋት የምትነዳትን መኪና በሻራቭ ቀን በ40 ዲግሪ ብትነዳት፣ በዚያው ሊትር ውስጥ የሚገባው አየር በ8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከ200 ፈረስ ላይ 8 በመቶ 16 ፈረስ ነው። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት ከኋላ ኤግዞዝ ከሚገኘው ይበልጣል! ቤርሼቫ በሐምሌ የሚኖር ሰው የገዛውን ፈረስ ፀሐይዋ መልሳ ትወስድበታለች። ወላጆቻችን በመጡበት በጎንደር ከፍታ ላይ ደግሞ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ያቺው መኪና አንድ አምስተኛ የሚሆን ጉልበቷን ታጣለች። ይኼ እንኳ ለጨዋታ ነው።

አንድ የሚሠራ ነገር አለ፣ እሱን መካድ አልችልም። ከሞተሩ ጭሱን የሚቀበለውን የፊተኛውን ቧንቧ ቀይረህ፣ ኮምፒውተሩንም አብረህ ብታስተካክል፣ ያ መሀል ላይ ያለው ጉድጓድ በደንብ ይሞላል። ሰዎች ስለዚህ ሲያወሩ አይዋሹም። ነገር ግን በዚህች መኪና ላይ ጭስ የሚያጣራው የመጀመሪያው ካታሊዘር ያለው እዚያው ቧንቧ ውስጥ ነው። ካታሊዘር የሌለውን ከገጠምክ ዓመታዊው ቴስት ላይ የጭስ ምርመራ አለ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ምንድነው፣ ቴስት ሲደርስ አሮጌውን መልሶ ይገጥማል፣ ከዚያ እንደገና ይፈታል። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ የሙሳኽ ሥራ ክፈል ማለት ነው። ለሁለት ወር ደስታ ይሆናል፣ ለአምስት ዓመት ግን አይሆንም።

ፋብሪካው ራሱ ያንን ጉድጓድ እንዴት እንደደፈነው ማየት ደስ ይላል። ተከታይዋ፣ ጂአር 86፣ ስትመጣ ሞተሩን 2.4 ሊትር አደረጉት። ጉልበቱ 234 ፈረስ ሆነ። ዋናው ግን ቶርኩ ነው፤ በድሮዋ 205 ኒውተን ሜትር የሚገኘው ከ6,400 ዙር በላይ ነበር፣ በአዲሷ 250ው ገና በ3,700 ላይ ይገኛል። እነዚያ ሁሉ መሐንዲሶች በኤግዞዝ ላይ ብቻ አልተማመኑም፣ ሞተሩን ነው ያሳደጉት።

«ግን የእገሌ ጎልፍ ጂቲአይ በኮምፒውተር ብቻ እንዴት በረረች?» የምትሉ አላችሁ፣ ይሰማኛል። እሷ ቱርቦ አላት። ቱርቦ ያለው ሞተር ላይ ኮምፒውተሩ ብዙ አየር እንዲታመቅ ሊያዝ ይችላል፣ ለውጡም ይሰማል። ሆኖም ፎክስቫገን 220 ፈረስ የነበረውን የሰባተኛውን ጎልፍ ሞተር ለጎልፍ አር ወደ 300 ሲያወጣው ቱርቦውን፣ ፒስተኖቹን፣ ቫልቮቹንም ቀይሯል። ፕሮግራም ብቻ አልጫነም። ይኼን እያሰባችሁ ወስኑ።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። እዚህ ሀገር የመኪናው ሪሽዮን ላይ የጎማው መጠን ሳይቀር ተጽፏል። ከዚያ የወጣ ለውጥ የትራንስፖርት ሚኒስቴርን ፈቃድ ይፈልጋል። ቢቱዋሕ መቂፍ ካለህና ሞተሩን መቀየርህን ካልነገርካቸው፣ አደጋ የደረሰ ቀን ክፍያውን ለመቀነስ ወይም ለመከልከል ምክንያት ሰጠሃቸው። ለወጣት ሹፌር መቂፍ ስንት እንደሆነ ደግሞ ታውቃላችሁ። እሱን ከፍለህ በገዛ ኤግዞዝህ ማጣት!

ከዚያ ፖሊስ አለ። በማኅበረሰባችን ላይ ያለውን የፖሊስ አያያዝ የ2016ቱ የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት ጭምር አንስቶታል፣ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ዝም ያለች መኪና ይዘህም ያስቆሙሃል። የምትጮህ መኪና ስትይዝ ግን ሕጋዊ ምክንያት በእጃቸው ታስቀምጣለህ። መኪናዋ እስክትስተካከል ድረስ እንዳትነዳ የሚያዝዝ ወረቀት እዚያው መንገድ ላይ ሊጽፉ ይችላሉ። ፍትሐዊ ነው እያልኩ አይደለም። ከ5 ፈረስ ጋር አብሮ የሚመጣ ወጪ ነው እያልኩ ነው።

እኔ ብሆን በዚያ ገንዘብ ምን አደርጋለሁ? ከሁሉ በፊት የፍሬን ዘይት። ርካሽ ነው፣ ማንም አይቶ አያደንቀውም። ዶት 4 የሚባለው በአዲስነቱ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲሄድ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ከ140 ለመቆም ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት ከ100 ለመቆም ከሚውጠው እጥፍ ገደማ ነው። ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉ እግርህ ሥር ይሰምጣል። ቀጥሎ ጥሩ ረፊዶት።

ከዚያ ጎማ። ፋብሪካው ለጂቲ 86 የሰጣት ጠባብ ጎማ ነው፣ 215፤ ሆን ብለው ነው፣ በትንሽ ፍጥነት እንድትንሸራተትና ሹፌሩን እንድታስቅ። በጣም የሚይዝ ጎማ ብትገጥምላት ትፈጥናለች፣ ግን ጨዋታዋ ይቀንሳል፣ ይኼ የጣዕም ነገር ነው። ያረጀ ጎማ ግን የጣዕም ነገር አይደለም። ጎኑ ላይ ከዶት ጽሑፍ በኋላ አራት አኃዝ አለ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። ጓደኛዬን በስልክ «ወርደህ አንብብልኝ» አልኩት። 1417። የ2017 14ኛው ሳምንት ማለት ነው። ስለ ፈረስ የሚያወራው ልጅ በዚህ ጎማ ነው በዝናብ ከአፉላ ሐይፋ የሚመላለሰው!

የተረፈውን በደቡብ ካሉት የእሽቅድድም መንገዶች ባንዱ ከአሠልጣኝ ጋር አንድ ቀን ላውለው። ፍሬን የት እንደሚያዝ፣ የኋላው ሲያመልጥ እጅ ምን እንደሚያደርግ፣ ፖሊስ በሌለበትና የሰው ልጅ በማይሻገርበት ቦታ ይማራል። መኪናዋን ሲሸጥ ኤግዞዙ አብሮ ይሄዳል፣ ይኼኛው ትምህርት ግን ከሱ ጋር ይቀራል።

ጓደኛዬ ጎማውን አዝዟል። ስለ ኤግዞዙ ገና እየተከራከርን ነው። እናንተም የራሳችሁን መኪና፣ ዓመተ ምህረቷንና ምን ለመግጠም እንዳሰባችሁ ላኩልኝ፣ በአማርኛም በዕብራይስጥም ይሆናል። በሚቀጥለው ክፍል ያገለገለ መኪና ከመግዛት በፊት ስለሚደረገው ምርመራ እናወራለን። ደህና ሁኑ።