ሰፈር ቢለወጥ አገልግሎት አይቋረጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እምነትና ስለ አገልግሎት ነው። ነገሩ ለሁሉም የሚሆን ነው፤ ይልቁንም የምናገረው በቂርቆስና በካዛንችስ አብረን ለኖርነው፥ አሁን ግን አንዳንዶቻችሁ በቀድሞው ስፍራ፥ አንዳንዶቻችሁም በሩቅ ለምትገኙት ወገኖቼ ነው።

ካዛንችስ የሚለው ስም የመጣው በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። ጠላት ወጣ፤ ስሙ ግን ቀረ፤ በዚያም ስም ውስጥ የእኛ ሰው ገብቶ ወልዶ ከብዶ፥ ድሮ ኩሎ፥ ሽማግሌዎቹን ቀብሮ ኖረ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን ያቆሙበት የአፍሪካ አዳራሽም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። ከዚያ ታላቅ አዳራሽ ባሻገር ባሉት ጠባብ መንደሮች ግን ዓለም የማያውቃቸው ሌሎች ማኅበሮች ነበሩ፤ እነርሱም ዕድሩ፥ ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ናቸው። የታመመ የሚጠየቀው፥ የሞተ የሚቀበረው፥ ያጣ የሚጐርሰው በእነርሱ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት በካዛንችስ ብዙ ቤት ፈረሰ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ተዛወረ። እኔ ዛሬ ስለ መንገድና ስለ ሕንፃ ለመፍረድ አልቆምኩም። እንደ አንድ የንስሐ አባት የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ቤቱ ሲነሣ በቤቱ ውስጥ የነበረው አገልግሎት ወዴት ሄደ? የሰንበቴው ተራ የደረሰው ሰው ሩቅ ቢሆን፥ የዚያ ቀን ዳቦ ለድሆች ከወዴት ይመጣል?

ከተዛወሩት መካከል አንዲት ባልቴት የንስሐ ልጅ አለችኝ። በቀድሞው ሰፈሯ ሳለች ኪዳን ሳይደርስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማትታጣ፥ እንደ አቅሟም ጧፍና ዕጣን፥ ለመገበሪያም የሚሆን ስንዴ የምታመጣ ሴት ነበረች። ከሄደች በኋላ ዛሬ እሄዳለሁ፥ ነገ እሄዳለሁ እያልሁ ወራት አለፉ። በመጨረሻ ሄጄ በሯን ባንኳኳሁ ጊዜ መስቀል ተሳለመችና፥ «መምሬ፥ ቤቱ ቤት ነው፤ ተመስገን። ነገር ግን ‹እንዴት አደርሽ› የሚለኝ የለም። እኔም ለማንም አልጠቅምም። እምነቴን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትቼው የመጣሁ ይመስለኛል» አለችኝ።

ምእመናን ሆይ፥ ይህን ቃል ስሰማ የምመልሰው አጣሁ። እርሷ የምትከሰው ራሷን ነበር፤ በደለኛው ግን እኔ ነበርሁ። የንስሐ አባት የንስሐ ልጁን ቤት እስኪረሳ ድረስ ከቆየ፥ ልጂቱ ተረሳሁ ብትል ምን ይደንቃል? ስለዚህ ዛሬ የምናገረውን ምክር አስቀድሜ የምናገረው ለራሴ ነው።

እስኪ የሐዋርያትን ሥራ ከምዕራፍ 6 እስከ 8 ያለውን እናስታውስ። በኢየሩሳሌም የነበሩት አማኞች በበዙ ጊዜ፥ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ አንዳንድ መበለቶች ስለ ተረሱ ቅሬታ ተነሣ። ሐዋርያትም ነገሩን ትንሽ ነው ብለው አልናቁትም፤ በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የታወቁ 7 ሰዎችን አስመርጠው ለዚያ ሥራ ሾሙ። ከሰባቱ አንዱ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን በስሙ የተሰየመለት ቀዳሜ ሰማዕት ነው። ሌላው ፊልጶስ ነው። የመበለትን ማዕድ ለማገልገል መንፈስ ቅዱስን የተሞላ ሰው ካስፈለገ፥ አንዲት ባልቴት እንዳትረሳ መጠንቀቅ ታላቅ መንፈሳዊ ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያ በኋላ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ፤ በቤተ ክርስቲያንም ላይ ስደት ተነሥቶ አማኞች ተበተኑ። የእኛ መዛወር ያን ስደት ይመስላል ማለቴ አይደለም፤ እነርሱ የሸሹት ሞትን ነበር። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል። የተበተኑት ሰዎች በሄዱበት ሁሉ ቃሉን ይናገሩ ነበር እንጂ፥ ቀድሞ በነበርንበት ቀረ ብለው ዝም አላሉም። ፊልጶስም ወደ ሰማርያ ወረደ፤ ኋላም ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ መንገድ ላይ ከአንድ ባለሠረገላ ጋር ተገናኘ። ያ ባለሠረገላ የትንቢተ ኢሳይያስን መጽሐፍ እያነበበ ወደ ሀገሩ የሚመለሰው የህንደኬ ጃንደረባ፥ ኢትዮጵያዊው ነበር። እነሆ፥ የኢትዮጵያዊው ጥምቀት በመጽሐፍ የተጻፈው ከመበተን በኋላ ነው! ፊልጶስ ማዕዱን ባገለገለበት ሰፈር ብቻ ተቀምጦ ቢሆን፥ ያን መንገደኛ ማን ባገኘው ነበር?

እንግዲህ ከሰፈራችሁ ርቃችሁ ያላችሁ ሁሉ፥ ተጣልን አትበሉ፤ ተላክን በሉ። የተላከ ሰው መልእክት አለውና።

ዳግመኛም የሰፈራችን ስም የተጠራበትን ቅዱስ ቂርቆስን እናስብ። እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ ስለ ሃይማኖቷ ሀገሯን ትታ፥ የ3 ዓመት ሕፃኗን ይዛ የተሰደደች መበለት ነበረች፤ በተሰደደችበትም ሀገር መከራው ተከተላት። ሐምሌ 19 ቀን እንደምንዘክረው፥ በፈላው ውኃ ፊት በቆሙ ጊዜ ድምፁ እንደ ነጐድጓድ ነበርና እናቲቱ ፈራች። ያጽናናት ማን ነው? ሕፃኑ ነው! እጇን የያዘችው ልጅ እርሱ ራሱ ልቧን ያዘላት፤ እግዚአብሔርም መልአኩን ቅዱስ ገብርኤልን ልኮ ውኃውን አቀዘቀዘላቸው። ጥር 15 ቀን የሰማዕትነቱን በዓል ስናከብር ይህን አንርሳ። በእግዚአብሔር ቤት ለማጽናናት የሚያንስ ሰው የለም።

ይህንንም በዚያች ባልቴት ቤት በዐይኔ አየሁት። በሁለተኛው ጊዜ ስሄድ የጎረቤት ልጅ የሆነች አንዲት ትንሽ ልጅ ከአጠገቧ ተቀምጣ አገኘኋት። ባልቴቲቱ ማለዳ ማለዳ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ስታደርስ ልጂቱ በግድግዳ በኩል ትሰማ ኖሯል። አንድ ቀን በሩን ገፋ አድርጋ፥ «እማማ፥ ነገም ይጸልያሉ? እኔም ልምጣ?» አለቻት። እርሷም «ነይ» አለቻት። ከልጂቱ በኋላ እናቷ መጣች፤ ከእናቷ በኋላ ከሌላ ሰፈር ተነሥተው የመጡ ሁለት ጎረቤቶች መጡ። ወር ሲሞላ በ21 ቀን የእመቤታችንን ጽዋ ጀመሩ፤ ዳቦው አንድ፥ ጠጪዎቹም ጥቂቶች ነበሩ። ለማንም አልጠቅምም ያለችኝ ሴት የማኅበር እናት ሆነች። ያን ቀን ጸሎቱን አድርሼ ዳቦውን ስቆርስ፥ ላጽናና ሄጄ እኔ ተጽናንቼ ተመለስሁ።

አሁን ይህ ነገር ተደንቆ ብቻ እንዳይቀር፥ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ።

መጀመሪያ፥ በቀድሞው ስፍራ የቀራችሁ፥ የዕድራችሁንና የሰንበቴያችሁን መዝገብ ግለጡ። ከስሙ አጠገብ «ተዛውሯል» ብላችሁ አትዝጉት። ወዴት እንደ ሄደ፥ ማን እንደሚጠይቀው ጻፉ። ተራው ሲደርስ ለመምጣት አቅም ያጣውን አትቅጡት፤ ተራውን ያዙለት። ከሞተም ሩቅ ነው ሳትሉ ቅበሩት።

ሁለተኛ፥ ወደ አዲሱ ስፍራ የሄዳችሁ፥ በዓመት አንድ ቀን ለንግሥ ወደ ቀድሞው ደብር መምጣታችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቅዳሴውና ቅዱስ ቊርባኑ በዓመት አንድ ቀን አይበቃም። በአቅራቢያችሁ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ፈልጉ፤ እንደ እንግዳ ከኋላ አትቁሙ። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ከወጣ ጀምሮ ካህናት፥ ምእመናንና ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ አንድ ሆነው ቤተ ክርስቲያናቸውን እንዲያገለግሉ ተደንግጓል። ስለዚህ ተመዝገቡ፤ ልጆቻችሁንም ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ስደዱ። ግንበኛ የሆነ በግንቡ፥ ጽሕፈት የሚያውቅ በብዕሩ፥ ሌላ የሌለው ደጁን በመጥረግ ያገልግል። ጐረቤታችሁንም ከየትኛው ሰፈር መጣህ ብላችሁ ከመመርመራችሁ በፊት፥ እንዴት አደርህ በሉት።

ሦስተኛ፥ ወንድሞቼ ካህናት፥ ይህ ለእኛ ነው። ጠበሉን የምንረጭበት ቤት ስለ ራቀ የንስሐ ልጅነት አልራቀም። እረኛ መንጋው በተሰማራበት ይሄዳል እንጂ፥ መንጋው እስኪመጣ በበረቱ ደጅ ተቀምጦ አይጠብቅም። መሄድ የማንችል ብንሆን እንኳ፥ በአቅራቢያቸው ላለው ካህን አደራ እንስጥ፤ ያለ አባት አንተዋቸው።

ወገኖቼ ሆይ፥ እምነት ከልብ ውስጥ ተቀምጦ ብቻ የሚጠበቅ ገንዘብ አይደለም፤ ሲያገለግሉበት ይበዛል፥ ሲያስቀምጡት ይዝጋል። ያች ባልቴት እምነቷን ጠፋብኝ ብላ ነበር፤ እምነቷ ግን አብሯት ነበረ፤ የጐደላት የምታገለግለው ሰው ነበር። ዛሬ ማታ ይህን ቃል የምትሰሙ ሁሉ፥ ከመተኛታችሁ በፊት የአንድ የተረሳ ሰው ስም አስቡ፤ ነገም ሂዱና በሩን አንኳኩ።

ቅድስት ኢየሉጣን በስደቷ ያልተዋት፥ ፊልጶስንም በምድረ በዳው መንገድ የመራ አምላክ፥ በቀድሞው ስፍራ ያሉትን ያጽናልን፤ የሄዱትን ይጠብቅልን፤ አረጋውያንን ይደግፍልን፤ ሕፃናትን ያሳድግልን፤ ሀገራችንን ኢትዮጵያን በሰላም ይጠብቅልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱስ ቂርቆስና የቅድስት ኢየሉጣ በረከት አይለየን፤ ለዓለመ ዓለም አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።