ከሣር የሚጀምር ሕይወት



ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው አሳብ አንድ ነው፤ የአንድ አገር የዱር አራዊት ዕጣ የሚወሰነው በሣሩ ነው። ለዚህም የሰሜን ሸዋውን መንዝ ጓሳ ምስክር አደርጋለሁ።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ ውርጫማ ደጋ ነው። በዚያ ብርድ ውስጥ የሣሩ ቅጠል ሐመልሚል በተባለው አረንጓዴ ቀለሙ የፀሐይን ብርሃን ይቀበላል፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከአፈር ውሃ ወስዶ ስኳር ይሠራል፤ ኦክስጅንም ይለቃል። ይህ ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል። ሣሩ ከሠራው ስኳር ከፊሉን ለራሱ ኑሮ ያቃጥላል። የቀረው ቅጠልና ሥር ይሆናል፤ የሌላው ፍጡር ሁሉ ቀለብ ይኸው ትርፍ ነው።

ከዚህ ትርፍ ጭላዳው ይግጣል፤ አይጡና ፍልፈሉም ይመገባል። እነዚህን አይጦችና ፍልፈሎች ደግሞ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ያድናል። በጓሳ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው ከጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ ሲያድን ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅ ይቀናዋል።

ታዲያ አይጡ ብዙ ሆኖ ሳለ የቀበሮው ቁጥር ለምን አነሰ? የዚህን መልስ መሠረት የጣለው ሬይመንድ ሊንድማን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ነው። በሚኒሶታ አንዲት ትንሽ ሐይቅ አጥንቶ፣ ኃይል ከአንዱ የምግብ ደረጃ ወደ ሌላው ሲያልፍ እየተመናመነ እንደሚሄድ በ1942 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፉ አስረዳ፤ ኅትመቱን ሳያይ ግን በዚያው ዓመት አረፈ። በግምት ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያልፈው ከመቶ 10 እጅ ያህል ነው። አብዛኛው በትንፈሳና በእንቅስቃሴ ሙቀት ሆኖ ይበተናል፤ ሳይበላ ወይም ሳይፈጭ የሚቀረውም ብዙ ነው። ስለዚህ በሣሩ ከተከማቸው 10,000 እጅ ኃይል አይጡ 1,000፣ ቀበሮው 100 ያህል ይደርሰዋል። ጥቂት ቀበሮዎች ሰፊ መስክ የሚሹት ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እናስተውል። የሞተውን ሣርና እንስሳ ባክቴሪያና ሻጋታ አፍርሰው ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ለአፈር ይመልሳሉ፤ ሥርም ዳግመኛ ይስበዋል። በሙቀት የተበተነ ኃይል ግን አይመለስም። በየቀኑ ከፀሐይ አዲስ መቀበል ያስፈልጋል፤ ተቀባዩም ሣሩ ነው። ሣሩ ከመጠን በላይ ሲጋጥ ወይም መሬቱ ሲታረስ በመጀመሪያ የሚጎዳው አይጡ ነው፤ ቀጥሎ ቀበሮው ይራባል።

የመንዝ አባቶች ይህን ቀመር ሳይጽፉ ሕጉን ሠሩ። ቄሮ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ይዘጉት፣ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ በስምምነት ይከፍቱት፣ ደንቡን የጣሰውንም ይቀጡ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያስቀረውም፣ ነዋሪው በኋላ በገበሬ ማኅበራቱ በኩል ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን ቀጠለ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ቀይ ቀበሮን በቴምብር ላይ ማክበር መልካም ነው፤ ሆኖም አያጠግበውም። መስክ ለእርሻ ከመሰጠቱ በፊት በዚያ ሣር ስንት ነፍስ እንደሚያድር ይጠየቅ። ትምህርት ቤቶቻችን የምግብ ሰንሰለትን በአንበሳና በሜዳ አህያ ብቻ ሳይሆን በገዛ ደጋችን ያስተምሩ። ጠባቂ ሕዝብም ከጥበቃው ተጠቃሚ ይሁን፤ ሣሩን ያቆየልን እርሱ ነውና።