የልጆቻችን ሥዕልና የእኛ ዓይን

(በኢምባካሲ፣ ናይሮቢ፣ ለወላጆች የተደረገ ንግግር። በካምፕ ለምትገኙ አንባቢዎቻችን ይጠቅማል በማለት አትመነዋል።)



ዛሬ የምናነሣው የራሽን ወይም የመታወቂያ ጉዳይ አይደለም፤ ስለ ሕፃናት ሥዕል ነው። «ይህም ቁም ነገር ሆነና!» የሚል አይጠፋም። እኛም ልጆቹን በትርፍ ሰዓት ማስተማር ስንጀምር እንደዚያው እንል ነበር።

እንደሚታወቀው ኢምባካሲ የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኝበት አካባቢ ነው። ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲከፈት መጠሪያው ራሱ ኢምባካሲ ነበር። አውሮፕላን ቀንም ሌሊትም ከራሳችን በላይ ያልፋል። ልጆቻችንም አውሮፕላን ይሥላሉ።

ከመካከላችን አንድ አባት የአምስት ዓመት ልጅ አለው። ልጁ በኡንጋ ዱቄት ወረቀት ጀርባ ላይ በከሰል አውሮፕላን ሣለ። በአውሮፕላኑ ላይ ከአውሮፕላኑ የሚበልጥ ሰው ተቀምጧል። አባትየው ደስ አለው። «ልጄ ጉዟችን ታይቶታል፤ ፕሮሰሳችን ሊያልቅ ነው፤ ትልቁ ሰውዬ እኔ ነኝ» እያለ ለጎረቤት አሳየ። ከቀናት በኋላ ልጁን «እስቲ ስለ ሥዕልህ አጫውተን» አልነው። «አያቴ ናት፤ ወደ እኛ እየመጣች ነው። ውስጡ ስለሚሞቅ ላይ ተቀመጠች» አለን።

አባትየው ዝም አለ። ልጁ እንዳይከፋው በማለት በቤታቸው የአያቱን ስም ማንሣት ካቆሙ ቆይተዋል። የረሳት መስሏቸው ነበር። አባት መሄድን ሲያስብ ልጅ መምጣትን ሣለ።

ውድ ወላጆች፣ ይህ ስሕተት የአንድ አባት ብቻ አይደለም። በልጆቻችን ሥዕል ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናየው የራሳችንን ጭንቀትና የራሳችንን ምኞት ነው። አንዳችን እንደ ሕልም እንፈታዋለን። አንዳችን «ሰው እንዲህ ነው እንዴ?» ብለን እናርመዋለን። ሌላችን ደግሞ ጠመንጃ ያየን እንደሆነ ቀድደን እንጥለዋለን።

በመጀመሪያ ስለ ማረም እንናገር። ሕፃን በሁለት ዓመቱ ገደማ የሚጫጭረው እጁ ምልክት መተው መቻሉ ስለሚያስደንቀው ነው። ሦስትና አራት ዓመት ሲሆነው ክብ ራስ ይሠራና እግሮቹን ከራሱ ላይ ያወጣቸዋል። «ሆዱስ የታለ?» ብለን አንቆጣ፤ በሌላው ዓለም ያሉ ሕፃናትም እንዲህ ይሥላሉ። ከዚያም እናቱን ከቤቱ አስበልጦ ይሥላል፤ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ድስቱን ያሳየናል። ይህ አለማወቅ አይደለም። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ቅዱሳኑን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥላሉ፤ ክፉዎቹን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የተከበረውንም ብዙ ጊዜ ገዘፍ ያደርጉታል። መለኪያቸው ሜትር ሳይሆን ክብር ነው። የልጁም መለኪያ ፍቅሩ ነው፤ አያትየዋ ከአውሮፕላኑ የበለጠችው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከባዱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሰብአዊ መብት አጥኚዎች በቻድ የሚገኙ የዳርፉር ስደተኞችን ሲጠይቁ ለልጆቹ ወረቀትና ቀለም ሰጧቸው፤ ወላጆቹ እስኪናገሩ ድረስ እንዲጫወቱ ነበር። ልጆቹ ግን ማንም ሳያዛቸው የሚቃጠል ጎጆ፣ ፈረሰኛ ታጣቂና ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን ሣሉ። «ልጅ ነው፣ አላየም፣ አይገባውም» የምንለው ልጅ አይቷል፤ ገብቶታልም። ሥዕሉን ስንቀድበት ያየው ነገር ከልቡ አይጠፋም። «ይህን ለአባትና ለእናት መንገር አይቻልም» የሚለውን ግን ይማራል።

በሌላ በኩል ጠመንጃ የሣለ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ሥዕል ብቻውን የበሽታ ምስክር አይሆንም። ያንኑ አስፈሪ ሥዕል ለሳምንታት ከደጋገመ፣ ከዚህም ጋር እንቅልፍ ካጣ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ከጀመረ፣ ከጨዋታም ከራቀ፣ ወደ ጤና ባለሙያ ወይም ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛ እንውሰደው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት «እስቲ አጫውተኝ» እንበል። ከዚያም ሳናቋርጥ እንስማ።

ሁለተኛ፣ ለጉዳያችን ማስረጃ ይሆናል ብለን «እንዲህ አድርገህ ሣል» አንበል። በትእዛዝ የተሣለ ሥዕል ጉዳያችንን ይጎዳል፤ ልጁንም ውሸት ያስተምራል።

ሦስተኛ፣ ወረቀት የለም አንበል። የካርቶን ጀርባ፣ ከሰል፣ አሸዋና እንጨት ይበቃሉ።

አራተኛ፣ እናስቀምጠው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች አይሁዳውያንን ባጎሩባት በቴሬዚን ከተማ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የምትባል ሠዓሊ ነበረች። ከ1942 መጨረሻ ጀምሮ ልጆቹን በድብቅ ሥዕል አስተማረች። በየሥዕሉ ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። በ1944 ወደ አውሽዊትዝ ተወስዳ ከመገደሏ በፊት 4,500 ያህል ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ውስጥ ትታ ሄደች። ከልጆቹ አብዛኞቹ አልተረፉም። ሥዕላቸው ግን ከነስማቸው እስከ ዛሬ በፕራግ ይገኛል። እኛም ከአገር ስንወጣ ብዙዎቻችን ፎቶግራፍ እንኳ አልያዝንም። ነገ ልጆቻችን «ያኔ እኔ እንዴት ነበርሁ?» ሲሉን የምናሳያቸው ይኑረን። ከጀርባው ስሙን፣ ቀኑንና ልጁ የተናገረውን እንጻፍበት።

ያ አባትም እንዲሁ አደረገ። ልጁ ያለውን ቃል በቃል ከጀርባው ጽፎ ሥዕሉን ከመታወቂያ ወረቀቶቹ ጋር አስቀመጠው። በቤታቸውም የአያትየዋ ስም እንደገና መጠራት ጀምሯል። አገር ቤት በተደወለ ጊዜም ስልኩን መጀመሪያ ለልጁ ሰጡት፤ ስለ አውሮፕላኑ ራሱ ነገራት።