የመጠጥ ውሃ በቤታችን፤ ከቧንቧ ወይስ ከጠርሙስ?

በናይሮቢ ከተማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም በዚህ በናይሮቢ ከተማ በየቤታችን የምንጠጣው ውሃ ከቧንቧ የሚቀዳው ይሁን ወይስ ከሱቅ የሚገዛው የታሸገ ውሃ ይሁን የሚለው ነው። የሆነ ሆኖ ነገሩ የልጆቻችንን ጤናና የወር ገቢያችንን የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ጊዜያችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ለዚህ ንግግር ያነሣሡኝ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደሴ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። በኢስሊ ሰፈር በልጃቸው ቤት ለቡና ተጠርቼ ሳለሁ፥ ልጅቱ ለጀበናው ውሃ ከትልቁ የፕላስቲክ ጠርሙስ ስትቀዳ አዩና፥ «ልጄ፥ ቧንቧው አጠገብሽ እያለ ውሃ በገንዘብ መግዛት ምን አመጣው?» ብለው ጠየቁ። እርሷም፥ «እማዬ፥ የዚህ አገር ቧንቧ ያሳምማል» ብላ መለሰች። እኔም እንግዳ ነኝና ዝም አልኩ፤ ነገር ግን ሁለቱም በከፊል እውነት እንደ ተናገሩ በልቤ አሰብሁ። በጀበና ሊንተከተክ የተዘጋጀን ውሃ ከውድ ጠርሙስ መቅዳት ግን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ገንዘብን እሳት ላይ ማፍሰስ ነው።

የናይሮቢ ስም ራሱ በማሳይ ቋንቋ ቀዝቃዛ ውሃ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በ1899 የምድር ባቡር ሠራተኞች በሠፈሩባት ጊዜ ረግረጋማ ሜዳ ነበረች። ዛሬ ከተማይቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያጠጣት ከአበርዴር ተራሮች የሚወርደው ውሃ ሲሆን፥ ዋናው ማጠራቀሚያ በ1994 ሥራው የተፈጸመውና 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የሚይዘው በሙራንጋ ያለው የንዳካይኒ ግድብ ነው። ይህ ውሃ በንጌቱ ማጣሪያ ጣቢያ ጭቃው እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ በአሸዋ ይጣራል፤ ክሎሪንም ይጨመርበታል። ስለዚህ ከጣቢያው ሲወጣ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ነው።

ታዲያ ልጅቱ ያሳምማል ያለችው ከምን የተነሣ ነው? ችግሩ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ከተማይቱ የምትፈልገው ውሃ ከሚመጣላት ስለሚበልጥ፥ ለየሰፈሩ በተራ ይከፈላል፤ አንዳንዱ ሰፈር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ያገኛል። ቧንቧ ዘወትር ሞልቶ ሲፈስ ግፊቱ ውጭ ያለውን ቆሻሻ ያግደዋል። ባዶ በሆነ ጊዜ ግን በየስንጥቁ በኩል በዙሪያው ያለው እድፍ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍራሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እርሱን ለመጠጥ መቅዳት አይገባም።

ከዚህም በቀር ውሃው በቀጥታ ወደ ብርጭቋችን አይመጣም። በአገራችን ሮቶ ብለን በምንጠራው በጣራ ላይ ባለው ታንከር ውስጥ ይሰነብታል፤ በዚያም የክሎሪኑ ኃይል እየደከመ ይሄዳል። እኔ ራሴ በተከራየሁት ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ የሮቶውን ክዳን ከፍቼ አላየሁም ነበር። አንድ ቀን የውሃው ሽታ ስለ ተለወጠ መሰላል ተውሼ ብወጣ፥ ክዳኑ በነፋስ ተገፍቶ፥ በሥሩ ስንዝር የሚያህል ጭቃ ተኝቶ፥ በላዩም የርግብ ላባ ተንሳፎ አገኘሁ። ያን ሁሉ ዘመን ሌላ ሰው ስወቅስ የኖርሁት በከንቱ ነበር።

ወደ ጠርሙሱ ልለፍ። እኛ ኢትዮጵያውያን የታሸገውን ውሃ በአንድ ድርጅት ስም ሃይላንድ ብለን መጥራት እንደ ለመድን፥ ማሸጊያውን ሁሉ የንጽሕና ምስክር አድርገን ማየትም ለምደናል። ነገር ግን በ2019 የኬንያ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ደንቡን ያላሟሉ ብዙ የውሃ አሻጊዎችን ፈቃድ መሰረዙን ማስታወስ ይገባል። የመሥሪያ ቤቱ ምልክት ያለበትና ክዳኑ ያልተነካ ጠርሙስ ከታወቀ ሻጭ ሲገዛ መልካም ነው። ሃያ ሊትር የሚይዘውን ባዶ ጠርሙስ በየመንገዱ ዳር ወስዶ ማስሞላት ግን ሌላ ነገር ነው። ሻጩ ማጣሪያውን በጊዜው ይለውጥ እንደ ሆነ፥ ጠርሙሱንም በምን ያጥበው እንደ ሆነ ገዢው አያይም። ብዙ ጊዜም የሚሞላው ያው የሸሸነው የቧንቧ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ እንድትጠነቀቁበት የምፈልገው የጕድጓድ ውሃ ነው። በናይሮቢ ብዙ ፎቅ ቤቶች የራሳቸውን ጥልቅ ጕድጓድ አስቆፍረዋል፤ ውሃውም ጥርት ያለ ስለ ሆነ ተከራዩ ደስ ይለዋል። ነገር ግን በዚህ አካባቢ የጕድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ ሲያልፍ ገና በመብቀል ላይ ያለውን የልጆች ጥርስ ቡናማ ያደርገዋል፤ እጅግ ሲበዛና ዘመን ሲቆጠር አጥንትንም ይጎዳል። በስምጥ ሸለቋችን በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የደረሰው ይህ ነው። ማፍላት ይህን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ይበረታል። ክሎሪንም አይረዳም። ስለዚህ ቤት ስትከራዩ የውሃው ምንጭ ከወዴት እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጕድጓድ ከሆነ በላቦራቶሪ ይመርመር፤ እስኪታወቅም ድረስ ለሕፃናት መጠጥና ምግብ የታሸገ ውሃ መግዛት ተገቢ ወጪ ነው። የታሸገውም ከጕድጓድ ሊሆን ስለሚችል በልጣፉ ላይ የተጻፈውን የፍሎራይድ ልክ አንብቡ።

የከተማው ቧንቧ ለሚደርሰው ቤተ ሰብ ግን የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ቧንቧውን ይጠቀም፥ ውሃውን ግን በቤቱ ያክመው። የአንድ ሃያ ሊትር የታወቀ የታሸገ ውሃ ዋጋ ከቧንቧ አንድ ሺህ ሊትር ከሚያስቀዳው ገንዘብ ይበልጣል፤ በዚያ ልዩነት ለልጅ ወተት ይገዛል። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቢሆንም ለአንድ ደቂቃ ከተንተከተከ ተሐዋስያኑ ይሞታሉ። እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ሦስት ደቂቃ ይሁን። ማገዶ ወይም ጋዝ የሚከብደው ሰው በአገራችን ውሃ አጋር፥ በዚህ አገር ዋተርጋርድ የሚባለውን መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ ሠላሳ ደቂቃ ይጠብቅ። ውሃው ደፍራሽ ከሆነ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይጥለለው፤ ደፍራሽ ውሃ የመድኃኒቱን ኃይል ይበላልና።

የታከመውን ውሃ ክዳን ባለውና ቧንቧ በተገጠመለት ዕቃ ማኖር ያስፈልጋል። ኩባያ በእጅ ይዞ ወደ ባልዲ መንከር የድካሙን ሁሉ ፍሬ ያጠፋል። ለጨቅላ ሕፃን የዱቄት ወተት የሚበጠበጥበት ውሃ ደግሞ የታሸገም ቢሆን መፍላት አለበት፤ የታሸገ ማለት ከተሐዋስያን ፈጽሞ የነጻ ማለት አይደለምና።

ለመንገድ፥ ወይም በ2024 እንደ ደረሰው ጎርፍ ባለ ጊዜ፥ የታሸገ ውሃ መግዛት የሚነቀፍ አይደለም። በ2017 በዚህ ከተማ ኮሌራ በገባ ጊዜ በታላላቅ ሆቴሎች የተሰበሰቡ እንግዶች እንኳ ታመው እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ባዶ ጠርሙሱን ግን በየቦዩ አትጣሉ፤ ጎርፉ የሚወጣበትን መንገድ ከሚዘጉት አንዱ እርሱ ነው።

ከደሴ የመጡት እናት በሚቀጥለው ሳምንት ልጃቸውን አስከትለው ጣራው ላይ ወጡ። ሮቶውን አስጠርገው፥ በክሎሪን አስጥበው፥ ክዳኑን በሽቦ አሰሩት። የቤቱ ባለቤትም ወጪውን ከኪራዩ ላይ ቀነሰላቸው። የእናንተም አከራይ እንዲሁ ያደርግ እንደ ሆነ መጠየቅ አይጎዳም።