ፕሮግራም መጻፍ ለማያውቅ ተመራማሪ የተከፈተ በር



«ቀይ» የሚለው ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ብታዩትና የቀለሙን ስም ብቻ ተናገሩ ብትባሉ፥ አንደበታችሁ «ቀይ» ለማለት ይቸኩላል። ትክክለኛውን መልስ እስክትሰጡም ድረስ ጥቂት ማመንታታችሁ አይቀርም። ይህን ነገር ጆን ሪድሊ ስትሩፕ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1935 ዓ.ም. አጥንቶ በጽሑፍ ስላሳወቀ፥ በሥነ ልቡና ሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የማመንታቱ ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ እጅግ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ማንበብ የለመደ አእምሮ አታንብብ ሲባል ምን ያህል እንደሚቸገር የሚገልጸው ይኸው ቅጽበት ነው።

ስትሩፕ በወረቀት ላይ በታተሙ ቃላትና ጊዜ በሚለካ ሰዓት ሠርቶታል። የዛሬው ተመራማሪ ግን ቃሉን በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ያወጣል፤ የመልሱንም ጊዜ በሴኮንድ ሺህኛ ክፍል ይለካል። በኢንተርኔት ሲሆን ደግሞ ተፈታኙ ከቤቱ ሳይወጣ ሊመልስ ይችላል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ መቼ እንደሚወጣ፥ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፥ የተነካው ቁልፍ የት እንደሚመዘገብ ለኮምፒዩተሩ በራሱ ቋንቋ መንገር ያስፈልጋል። የሕፃናትን አነባበብ ሃያ ዓመት ሲመለከት የኖረ መምህር ይህን ቋንቋ አይችልም፤ እንዲችልም መጠበቅ አይገባም። እንግዲህ ወይ ፕሮግራም ጸሐፊ ይለምናል፥ ወይ ከሌለው ገንዘብ ይከፍላል፥ ወይም ጥያቄውን እንደያዘ ጡረታ ይወጣል።

በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆነው ጆናታን ፒርስ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ለራሱ ቤተ ሙከራ የጀመረውና ሳይኮፓይ የተባለው ፕሮግራም መጀመሪያ ለፕሮግራም አዋቂዎች የተዘጋጀ ነበር። ቆይቶ ግን «ቢልደር»፥ ማለትም ገንቢ የተባለ ክፍል ተጨመረለት። በዚህ ክፍል ተመራማሪው ከገጹ ዳር ከተደረደሩት ምልክቶች «ጽሑፍ» የሚለውን ይመርጥና ቃሉ በስንተኛው ሴኮንድ እንደሚወጣ ይሞላል፤ ቀጥሎም የቁልፍ ሰሌዳውን ምልክት ይጨምራል። ከገጹ ግርጌ የሥራው ቅደም ተከተል እንደ መንገድ ካርታ ተሥሎ ይታያል። ቃላቱንና ቀለሞቹን በአንድ ሰንጠረዥ ይጽፋል፤ በየመሥሪያ ቤታችሁ የደመወዝ ዝርዝር የምታዘጋጁበት ዐይነት ሰንጠረዥ ማለት ነው። አንዱ ዓምድ ቃሉ፥ ሁለተኛው ቀለሙ፥ ሦስተኛው ትክክለኛው ቁልፍ ነው። ፕሮግራሙ ረድፎቹን እያዘበራረቀ ያቀርባል፤ ለኮምፒዩተሩ የሚያስፈልገውን ትእዛዝም ከበስተጀርባ ራሱ ይጽፋል። ለኢንተርኔት የሚሆነውንም በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ያወጣዋል።

ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሌሎችም አሉ። ሴባስቲያን ማቶትና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ያስተዋወቁት ኦፕንሰሰሚ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፥ ስሙ የአሊ ባባን ተረት ያስታውሳል፤ «ሰሊጥ ሆይ፥ ተከፈት» እንደ ማለት ነው። ላብ ጄ ኤስ የተባለውም አለ። ሦስቱም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። የሳይኮፓይን ሥራ በፓቭሎቪያ በኩል በኢንተርኔት ለማሠራት ግን ክፍያ አለበት፤ ስለዚህ በጀት ከመያዛችሁ በፊት ይህን ማጣራት ይገባል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያገባናል የሚል አይጠፋም። ጄፍሪ አርኔት እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ስድስት ታላላቅ የአሜሪካ የሥነ ልቡና መጽሔቶችን መርምሮ፥ ከተፈታኞቹ 96 በመቶ የሚሆኑት በኢንዱስትሪ ከበለጸጉት የምዕራብ አገሮች የመጡ መሆናቸውን ገልጿል። ከተፈታኞቹ ሁሉ 68 በመቶው አሜሪካውያን ነበሩ። «የሰው አእምሮ እንዲህ ያደርጋል» የሚለው ንግግር እንግዲህ ብዙ ጊዜ የጥቂት አገሮች ተማሪዎች ወሬ ነበር። ከሁለት መቶ በላይ ሆሄያትን ከገበታ ላይ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ያጠና ልጅ፥ ሃያ ስድስት ፊደላት ያጠናው ልጅ በሚያመነታበት ቦታ ያመነታ እንደሆነ ከእንግሊዝኛ ጥናት ማወቅ አይቻልም። ጥያቄውን በሚገባ ሊያነሣ የሚችለው ፊደሉን ያስተማረ ሰው ነው፤ እርሱ ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር።

የሆነ ሆኖ ነገሩን ከልክ በላይ ማወደስ አልፈልግም። የተለመደው የኮምፒዩተር ገጽ በሴኮንድ 60 ጊዜ ብቻ ስለሚታደስ፥ ቃሉ ከታዘዘበት ቅጽበት እስከ 17 ሺህኛ ሴኮንድ ሊዘገይ ይችላል፤ የቁልፍ ሰሌዳውም የራሱን መዘግየት ይጨምራል። አንዱን ሰው በአንድ መሣሪያ ላይ ከራሱ ጋር ብታነጻጽሩት ይህ ጉድለት አብዛኛውን ይቻቻላል፤ የአንዱን ሰው ፍጥነት ከሌላው ጋር ስታወዳድሩ ግን ልዩነቱ የሰውየው ይሁን የመሣሪያው ለመለየት ያስቸግራል። ደግሞም በኢንተርኔት የሚመልስ ሰው ኢንተርኔት ያለው ብቻ ነው፤ የገጠሩ ልጅ እንደገና ከቁጥር ይወጣል። መምህሩም መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤቱ መሄድ ይኖርበታል። ለዚህ ሲባል እነዚህ ፕሮግራሞች ያለ ኢንተርኔትም እንዲሠሩ መደረጋቸው እጅግ ጠቃሚ ነው።

ልትሞክሩት የምታስቡ ካላችሁ በስትሩፕ ፈተና ጀምሩ፤ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ሥራችሁ ትክክል መሆኑን ለመለየት ያመቻል። ለሕዝብ ከማሰራጨታችሁ በፊትም ሁለት የሥራ ባልደረቦቻችሁን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አስፈትኑበት። የተመዘገበውን ሰንጠረዥ ከፍታችሁ እያንዳንዱ መልስ ከነጊዜው መግባቱን ተመልከቱ። ከሁለቱ አንዱ መመሪያው አልገባኝም ቢላችሁ፥ መመሪያውን እንደገና ጻፉት።